ሁለት አፍ ያለው ዴክ

መዶሻው ሲያርፍበት የዴኩ ክዳን እንደ ቲማቲም ጣሳ ጎበጠ። ትልቁ ልጅ አልበቃውም፤ ደገመው። ፕላስቲኩ ተፈናጥሮ የመኝታ ቤቱን በር መታና እናቱ እግር ሥር ወደቀ።

«ተው ልጄ፣ ተው! ግቢው ሰው ሞልቶበታል!» አለች እናትየዋ ድምፅዋን አፍና።

«በላው እኮ እማዬ! የሠርጌን ካሴት ቅርጥፍ አድርጎ በላው!»

ጣቶቹን በተሰባበረው ዴክ ሆድ ውስጥ ከትቶ ጎተተ። ጥቁሩ ክር እንደ አንጀት እየተተረተረ ወጣ። የተቀደደው ቆርቆሮ አውራ ጣቱን ሸረከተውና ደሙ ክሩ ላይ ተንጠባጠበ፤ እሱ ግን ልብም አላለው።

ውጭ፣ በተወጠረው ሸራ ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች ኳኳታውን ሰምተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምስኪን! ያባቱ ነገር ሆድ አስብሶት ነው» አለች አንዲት ጎረቤት።

እናትየዋ ሰማቻት። «ሐዘን ብቻ ቢሆንማ» አለች በሆዷ። ያንን ክንድ ታውቀዋለች። ከትከሻ ተነስቶ እስከ ጆሮ ጀርባ ይሄዳል፣ እዚያ ትንሽ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። የክንዱ ባለቤት ትናንት ተቀብሯል። ክንዱ ግን ይኸው እቤት ቀርቷል።

ባሏ በያጅ ነበር። በሰፈሩ ያለ የብረት በር ሁሉ የእሱ እጅ ነው። ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው እሱ በበየደው በር ገብቶ፣ እሱ በበየደው ወንበር ተቀምጦ፣ «እጁ ወርቅ ነበር» ይላል። እሷም «አዎ፣ ወርቅ ነበር» ትላለች። ውሸት አይደለም። የጎረቤት በር ሲሰበር ሳይጠሩት ሄዶ የሚጠግን፣ ለዚያም ምስጋና የማይቀበል ሰው ነበር። እቤቱ ሲገባ ደግሞ ያው እጅ ምን እንደሚሠራ የሷ የጎድን አጥንት ያውቃል። ለእግዜር ነግራዋለች። ለሰው መንገር ከተወች ቆይታለች።

ዴኩን የገዛው ልጆቹ ገና ትንንሾች ሳሉ ነው። በትከሻው ተሸክሞ ሲመጣ የሰፈር ሕፃን ሁሉ ተከትሎት ነበር። ካሴቶቹ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ማንም ያያቸዋል፣ አንዷ ግን መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ከመበየጃው ጭንብል ሥር ትቆለፋለች። ላይዋ ላይ ብረት በሚያሰምርበት ጠመኔ «የእናቴ» ብሎ ጽፎባታል። አንዳንድ እሑድ አውጥቶ ይከትታታል። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መዳፎቿን ዘርግታ ዘመድ አዝማዱን ስትመርቅ ትታያለች። እሱ ሶፋ ላይ አይቀመጥም፤ ዴኩ አጠገብ ተንበርክኮ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፋል። እናቱ «አሜን በሉ!» ስትል እንባው ዱብ ይላል፣ ወዲያው ቀጭ! ያጠፋዋል። አንዲት ትንፋሽ እንኳ አያሳልፍም።

«ትንሽ ይቆይ እስቲ፣ እንያት» ብላው ነበር አንዴ።

በእጁ ጀርባ አፏን አላት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። እሷ ግን ይቅር አለችው። የእናቱን ሞት ያልቻለ ሰው ነው፣ ብላ። በዕድሜዋ ሙሉ ሲያለቅስ ያየችው እዚያች ካሴት ፊት ብቻ ነው። ሲከፋት ያንን እንባ እያስታወሰች ስንት ነገር አሳልፋለች።

ትልቁ ልጅ የሳጥኑን ቁልፍ ካባቱ ኮት ኪስ አግኝቷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሐዘኑ ሲያበቃ፣ አያትየዋ ስትመርቅ አባትየው ከጎኗ ቆሞ የሚታይበትን ሲዲ ለዘመዱ ሁሉ አንዳንድ ማደል። «የአባቴ ስም በዚያ ይነሳ» ነው የሚለው። አሮጌውን ዴክ መጀመሪያ በሠርጉ ካሴት ሞከረው፤ የሆነውን አይታችኋል።

ትንሹ ልጅ ከሰዓት በኋላ ካርቶን ታቅፎ ከጓደኛው ሱቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ይኸውልህ። ባለ ሁለት ነው። በዚህ በኩል ካሴት፣ በዚህ በኩል ሲዲ። ከካሴቱ ወደ ሲዲው ራሱ ይገለብጣል። ሞክሩትና ካልወደዳችሁት መልሱ ብሎኛል።»

የሟች እህት፣ የልጆቹ አክስት፣ ከሶፋው ጫፍ ሆና አንገቷን አሰገገች። «ሁለት አፍ? ያ ባንድ አፉ የበላው መች አነሰና!»

«ይሄ ባንዱ የሰማውን በሌላው የሚያወራ ነው አክስቴ። እንደ አንቺ።»

«አንተ ጉድ! ሐዘን ላይ ባልሆን ኖሮ በጥፊ ነበር የማጋግልህ።»

ትልቁ ዕቃውን አንስቶ በእጁ መዘነው፤ በጥፍሩ ሆዱን ኳ ኳ አደረገው። «ስስ ነው። ይሄም ብረት ተባለ? አባዬ ቢያየው ይስቅበት ነበር።»

«አንበይደውም እኮ ጋሼ፣ ልናይበት ነው።»

እናትየዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። ያኔ ነው ከውጭ በሩ በኩል «አባዬ! አባቴ!» የሚል ጩኸት የተሰማው። ድምፁን ሆዷ አወቀው። ሴት ልጇ ናት፤ ሩቅ ከተማ ልብስ እየሰፋች የምትኖረው፣ ስንት ዘመን እዚህ ግቢ ያልረገጠችው።

እናትየዋ ደጅ እስክትደርስ ትልቁ ቀድሟታል።

«ማን ጠራሽ?»

«ያባቴ ሞት ጠራኝ።»

«አባት? ብረት ያነሳሽበት አባት?»

ልጅቷ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ሰጠችው። «ምን አልከኝ?»

«ደግሞ አልሰማሁም በይ! ዛሬም ደንቆሮ መምሰሉን አልተውሽም?»

ደረቷን ገፈተራት። ጀርባዋ ከብረት በሩ ጋር ተጋጭቶ ግቢው በሙሉ አስተጋባ። ሻርፗ ወደቀ። ከግራ ጆሮዋ በላይ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ታየ።

«እትዬን ትገፋለህ? እትዬን?» ትንሹ ልጅ ከኋላ ዘሎ የወንድሙን አንገት አነቀ። ትልቁ በክርኑ አፍንጫውን አለው። ተያይዘው ወንበሮቹ መሃል ወደቁ፤ የሻይ ብርጭቆ የያዘው ጠረጴዛ ተገለበጠ። ትንሹ ተነስቶ ዓይኑ ሥር በቡጢ አጮለው፤ ትልቁ በእግሩ ሆዱን መታው። ሴቶች ጮኹ። ሁለት ሽማግሌዎች ኮታቸውን ጥለው ገብተው ጎትተው አላቀቋቸው። ሬሳው ከወጣ ገና አንድ ሌሊት ነው፣ አፈር ላይ ደም ተዘራ።

እናትየዋ አልጮኸችም። የብርጭቆ ስብርባሪውን ረግጣ አልፋ የልጇን እጅ ያዘች።

«ልጄ ናት። ቤቷ ትገባለች።»

«እሷ ከገባች እኔ እወጣለሁ!» አለ ትልቁ ደም እየተፋ። «እዚሁ ለቀስተኛው ፊት ነው የምናገረው! አባቴን የገደለው ያን ቀን የያዘው ንዴት ነው። በዓይንሽ አይተሻል እኮ እማዬ! ብረቱ በማን እጅ ነበር? በይ ተናገሪ፣ በማን እጅ ነበር?»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እናትየዋ ዞረ። እሷ የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ አላየሁም ግን አላለችም። ምክንያቱም አይታለች።

ያ ቀን የልጅቷ ሽምግልና ያለቀበት ነበር። አባትየው ልጁን ለብረት ነጋዴ ወዳጁ ሊድር ቃል ሰጥቶ ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል፤ ቪዲዮ አንሺ ተጠርቷል፤ አያትየዋ መርቃለች። እናትየዋ ደጅ ለእንግዳ ስትቀዳ ከሳሎን ኳኳታ ሰማች። ጠጋ ስትል በሩ ከውስጥ ተከፈተና ባሏ ጉንጩ ደም ለብሶ ወጣ። «ልጅሽ ገደለችኝ! ብረት አነሳችብኝ!» እናትየዋ ሮጣ ስትገባ ወንዶቹ ልጆች ተከትለዋት ገቡ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ ከጆሮዋ ደም ይወርዳል። በጭብጧ ውስጥ ደግሞ የመጋረጃው ብረት። ሁሉም አዩ። ነፍስ ስትዘራ «አላነሳሁም እማዬ፣ በፈጠረኝ አላነሳሁም» ብላ ማለች። የእናትየዋ ልብ አመናት፤ ዓይኗ ግን አስቸገራት። ስንት ዓመት ተንበርክካ «ጌታዬ፣ ወይ ዓይኔን ወይ ልቤን አንዱን አስተካክልልኝ» ስትል ኖራለች።

«ይቅር እማዬ» አለች ልጅቷ አሁን፣ ሻርፗን ከመሬት አንስታ። «እዚሁ በሩ ሥር እቀመጣለሁ። ሰው አታስቸግሪ።»

ሽማግሌዎቹም ለጊዜው ይሁን አሉ። እዚያው ውጭ በሩ ሥር፣ እንደ ባዕድ፣ ከዚያም እንደ ተቀጣሪ፣ ብርጭቆ እያጠበች ለአባቷ ለቀስተኛ ሻይ ታዞር ጀመር።

ወንድማማቾቹ አንዱ ዓይኑ አብጦ፣ ሌላው አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ አዲሱ ዴክ ፊት ጎን ለጎን ቁጭ አሉ። አይተያዩም። ግን ሽቦውን አንዱ ሲያቀብል ሌላው ይሰካል፤ እጃቸው ከልጅነታቸው የለመደው ነው። ትንሹ የሠርጉን ካሴት በእስክሪብቶ ጠምጥሞ፣ የተቀደደውን ቀጥሎ ከተተው። ሙሽራይቱ ብቅ አለች። ክሩ የተጨማደደበት ቦታ ላይ ፊቷ ለሁለት ተሰንጥቆ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ተስተካከለና አለፈ።

«አልበላውም» አለ ትንሹ።

«ምስሉ ይሻላል» አለ ትልቁ ያበጠውን ዓይኑን አጥብቦ። «ድምፁ ይጎረብጣል። ሪሞቱ የሕፃን መጫወቻ ነው የሚመስለው። ግን ያስኬዳል። መጨረሻ ላይ ማን ያቆመዋል?»

«ጫኑትና ሂዱ ብሎኛል። ራሱ ጨርሶ ራሱ ያቆማል። እማዬ፣ ይቺ ወደ ኋላ መመለሻዋ ናት፣ ይቺ ማጫወቻዋ። ሌላውን አትንኪ።»

ትልቁ «የእናቴ» የሚለውን ካሴት ባንዱ አፉ፣ ባዶ ሲዲ በሌላው አጎረሰው። ትንሿ ቀይ መብራት በራች። አያትየዋ መዳፎቿን ዘርግታ ብቅ ስትል አክስት «እናቴን! እናቴን!» ብላ ደረቷን መታች። አባትየው ከጎኗ በሙሉ ልብስ ቆሟል፤ ገና ሽበት ያልነካው፣ መልከ መልካም። ትልቁ ልጅ ተንሰቀሰቀ። በዚህ መሃል ደጅ አዲስ ለቅሶ ተነሳ፤ ከብረት ተራ የመጡ የሟች የሥራ ጓደኞች ናቸው። ወንዶቹ ልጆች አክስትን ደግፈው ሊቀበሏቸው ወጡ።

እናትየዋ ቀረች። አማቷ «አሜን በሉ!» ስትል፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳያጠፋባት ልታያት ፈልጋ ነው።

«አሜን በሉ!» አለች አማቷ።

«አሜን» አለች እናትየዋ። ቀጭ የሚል የለም። የሚያጠፋው ጣት አፈር ገብቷል።

ምስሉ ተንገጫገጨና ሌላ ቦታ ሆነ። ይኸው ሳሎን ነው፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘንብሎ። ቪዲዮ አንሺው ሊበላ ሲሄድ መቅረጫውን ሳያጠፋ ቡፌው ላይ አስቀምጦት ነበር ማለት ነው። ክፍሉ ባዶ ነው። የእንግዳ ሳቅ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ልጇ ገባች። በሁለት እጇ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛለች። አባቷ ተከትሎ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሂጂ ሰውየው ጎን ቁሚ።»

«አባዬ፣ አላገባውም። በእግዜር፣ ሰው ሳይሰማ ልንገርህ ብዬ ነው።»

ቡጢው ከትሪው በላይ አልፎ አገጯን አገኘው። ብርጭቆዎቹ ወለል ላይ ፈነዱ። ልጅቷ በጉልበቷ ስብርባሪው ላይ ወድቃ ተነሳች፣ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ እሱ ራሱ የበየደውን ፍርግርግ በሁለት እጇ ጨበጠች። ክንድ እንኳ የማያሳልፍ ፍርግርግ ነው። በያጁ ከበሩ ጀርባ የመጋረጃውን ብረት አነሳ። ክንዱ እስከ ጆሮው ጀርባ ሄደ፣ ቆም አለ፣ ወረደ። ጆሮዋ ላይ። ደገመው። ስትወድቅም አልተዋትም፤ የወደቀውን ገላ በጫማው እያገላበጠ ደበደበው። እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነከሰች።

ሲደክመው ቆመ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ በእጅጌው ላቡን ጠረገ። ልጅቷ አትንቀሳቀስም። እሱ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ፤ እንደ ሥራ ቦታው፣ የቱ ከየቱ እንደሚገጥም እንደሚያይ። ከዚያ ተንበረከከ። የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈተ። ብረቱን መዳፏ ላይ አኖረ። ጣቶቿን መልሶ ዘጋቸው፣ እንዳይለቁ ጫን ጫን አድርጎ። ከወለሉ የብርጭቆ ስባሪ አንስቶ የገዛ ጉንጩን ጫረ። በሩን ከፈተና ጮኸ።

«ልጅሽ ገደለችኝ! ብረት አነሳችብኝ!»

የእናትየዋ ዓይን ከልቧ ጋር የታረቀው ያኔ ነው። ደስታ አልነበረውም። በየእሑዱ ቁልፉ ላይ የነበረው ጣት ትዝ አላት። ያ ሁሉ እንባ! ካሴቱን እንዳያቃጥል እናቱ አለችበት፣ ለባለሙያ ሰጥቶ እንዳያስቆርጥ ሥራው አለበት። እናቱን ነጥሎ የሚያወጣለት እንዲህ ያለ ዕቃ በሕይወት እያለ ቢያገኝ ቤቱን ሸጦም ይገዛው ነበር። ይኸው ሞቶ መጣለት። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው፤ የገባለትን ሁሉ ሳይመርጥ ይገለብጣል።

በሩ ተከፈተ። «እማዬ፣ ጨረሰ?» አለ ትልቁ።

«ግባ። ዝጋው።» ወደ ኋላ መመለሻዋን ተጫነች።

ቆሞ አየ። ቡጢውን አየ፣ ፍርግርጉን አየ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ አየ። ሲያልቅ አላለቀሰም። ጎንበስ ብሎ ከአሮጌው ዴክ ስብርባሪ መሃል መዶሻውን አነሳ።

«ማን አየው?»

«እኔና እግዜር።»

«በቃ፣ ሁለታችሁ ትበቃላችሁ።» ክንዱ ተነሳ። እስከ ጆሮው ጀርባ ሄዶ ቆመ።

እናትየዋ መዳፏን አዲሱ ዴክ ላይ ዘረጋች። ሞቋል። «ምታ። መጀመሪያ የምታገኘው የኔን ጣቶች ነው። ጣት እንዴት እንደሚዘጋም አባትህ አሁን አሳይቶሃል።»

«አፈሩ እንኳ አልደረቀም እኮ እማዬ! የአባቴን ስም…»

«ለአባትህ አልቅሻለሁ፣ ነገም አለቅስለታለሁ። ባሌ ነው። ፍርዱን ፈጣሪ ይስጠው። ላንተ ግን አላለቅስም። አንተ አልሞትክም።»

ትልቁ ጣቶቿን አየ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ እንደ በሬ ያለ ድምፅ አውጥቶ መዶሻውን ወደ መስኮቱ ወረወረው። መስታወቱ ተበተነ፤ መዶሻው ከፍርግርጉ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰና ወለሉን ሰነጠቀ። ስብርባሪው ፀጉሩና ትከሻው ላይ ዘነበ።

«ምስኪን» አለች ጎረቤትየዋ ከውጭ፣ «አባቱን መቼም አይረሳም።»

ትንሹ ጥጡ አፍንጫው ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ ገባ። «ምን ተሰበረ? ዴኩ ነው? መመለስ እኮ አለብኝ!»

«አይመለስም» አለች እናትየዋ። «የሚሠራ ዕቃ ነው። ቁጭ ብለህ እየው።»

ትልቁ ወጣ። እናትየዋ በተሰበረው መስኮት በዓይኗ ተከተለችው። ልጅቷ በሁለት እጇ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ወደ ሸራው ስትሄድ ፊት ለፊት ገጠማት። ቀጥ አለች። ትሪውን ደረቷ ላይ ጠጋ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ትከሻዋ ዱላውን ሊቀበል ወደ ላይ ተሰበሰበ። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ እየተነካኩ ተንጫጩ።

ትሪውን ከእጇ ወሰደ። መሬት አስቀመጠው። በግራዋ በኩል ቆሞ አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ከዚያ በፊቷ ዞሮ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እያየው፣ ወደ ቀኝ ጎኗ ተሻገረና ወደሚሰማው ጆሮዋ አጎነበሰ።

ምን እንዳላት እናትየዋ አልሰማችም። ልጅቷ ግን ዓይኗን ገለጠች። እየሰማችው እጇን ቀስ ብላ አነሳች፤ በሁለት ጣቷም ከወንድሟ ፀጉር ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ መልቀም ጀመረች።